ከአናት በላይ አንድ ጡጫ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ ለመውጣት ፈቀደላት ወይስ አሁንም ወንበር እየገፋች ነው ቤት ውስጥ የምትንቀሳቀሰው? መድኃኒቷን ዋጥኩት ብላ እንደምትደብቅ ታውቂያለሽ፤ ትራሷን እያነሳሽ እዪ። ሌላው ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ዘንድሮ እንደዚያ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ጤናዬ ደህና ነው፣ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፤ እንቅልፍ ግን ጥሎኝ ከጠፋ ሰነበተ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለምታውቂው ነው። ገና ሄሎ ስል ምን ሆነሽ ትይኛለሽ፤ እኔም ምንም ብዬ ስለ ዝናቡ አወራለሁ። በወረቀት ግን ማንም አያቋርጠኝም። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማዬ ሰላምታውን ብቻ ንገሪያት።

ነገሩ ቅናት ነው። ምን ልደባብቅሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ይዞኝ ከረመ፤ ቀን ሥራ ላይ ረሳሁት ስል ማታ ትራስ ላይ ይነሳል። ትዳሬ ከእጄ ሲሾልክ እያየሁ የምይዝበት የጠፋኝ መስሎኝ ነበር። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ የምታስተምሪውን የርቀት ትምህርት ለመቅረጽ መጥተሽ፣ ያን አንድ ሴሚስተር እኛ ቤት ከርመሽ እንደሄድሽ ዲኑ ስብሰባ ጠሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችን ቪዲዮዎች ከአንድ ቤት የወጡ አይመስሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። አንዱ መምህር ከመጻሕፍት መደርደሪያ ሥር ተደብቆ ያስተምራል፣ ሌላው ከኋላው ያለው የአበባ ማሰሮ አናቱ ላይ የበቀለበት ይመስላል፣ ሦስተኛው መስኮት ጀርባው ላይ ሆኖበት ፊቱ ከሰል መስሏል። ከሁሉም ሥር ደግሞ ዲኑ ራሳቸው የሚወዱት ያ ዋሽንት ይንጫጫል። ስለዚህ የቪዲዮ አሠራር ደረጃ ይውጣ ተባለ፤ ደረጃውን የምታወጣ ሴትም ተቀጠረች።

ሠራተኛው ሁሉ እሜቴ ጡጫ ይላታል። ለምን መሰለሽ፣ ቪዲዮ ስታይ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጡጫዋን ስክሪኑ ላይ ትደቅናለች። ከተናጋሪው አናት እስከ ስክሪኑ ጫፍ ያለው ባዶ ቦታ አንድ ጡጫ መሆን አለበት ትላለች፤ ካነሰ ጣሪያ የወደቀበት ይመስላል፣ ከበዛ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ። ረጅም ናት፣ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፣ ስትስቅ ወንበሩ አብሯት ይስቃል። ሥራዋንም ታውቃለች። መጀመሪያ ያናደደኝ እሱ ነው።

ቪዲዮ ሳቀናብር የምጠቀምበትን፣ ያንን የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ የሚመስለውን ሽግግሬን ታስታውሺዋለሽ? አንዱ ተናጋሪ ሲጨርስ ገጹ እጥፍ ይልና ሌላው ብቅ የሚልበት? የስንት ዓመት ተመራቂዎችን ቪዲዮ የሠራሁበት ነው። እሜቴ ጡጫ በመመሪያዋ ውስጥ አንድ መስመር ሰጠችው፤ የሚሽከረከር፣ የሚበተንና የሚገለጥ ሽግግር ክልክል ነው ብላ። የሚበተነውስ ይሁን። የሚገለጠው ምን አደረጋት? ማዕረጋቸው እስከ ክራቫታቸው ድረስ የሚወርደውን ፕሮፌሰር ታውቂያቸው የለ፤ ስምና ማዕረግ ከሁለት መስመር አይበልጥም ስትላቸው እሳት ለብሰው ቢሮዋ ገቡ። ሲወጡ እየሳቁ ነበር። እኔ እንዲህ አድርጌ ያሳቅኳቸው ቀን የለም። ይኼኔ ነው እቺ ሴት የያዘችውን እንደማትለቅ የገባኝ።

ደረጃውን አብሯት እንዲያዘጋጅ የተመደበው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ያው ካሜራማናችን ባሌ ነው፣ ጋሼሽ። ጋሼሽ ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው። መጀመሪያ ስትመጪ ጋሼ ጋሼ እያልሽው አልነበር፤ ወደ መጨረሻው ጋሼነቱን ትተሽ በስሙ ብቻ መጥራት ጀመርሽ። እኔም እሰይ፣ ቤቱን ለመደችው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ባሌ ከዚያች ሴት ጋር ስብሰባ አዳራሽ ተዘግቶ ዋለ። ሸሚዝ መተኮስ ጀመረ፤ የኔ ባል፣ ሰርጉ ቀን እንኳ ሸሚዙ የታጠፈበት መስመር ሳይጠፋ ያገባኝ ሰውዬ። ቤት ሲመጣ ከሰው ጋር አይደለም። እያፏጨ ነበር ሳህን የሚያጥበው፣ ፉጨቱ ቆመ። አንቺ የተኛሽበትን ክፍል ቢሮ አደርገዋለሁ ብሎ ጠረጴዛ አስገባበት፤ በሩን ዘግቶ ደረጃውን ይጽፋል። አንድ ሁለቴ ሻይ ይዤ ስገባ ወረቀቱ ባዶ ነበር፣ እሱ በመስኮት ያያል። ስለ እሷ እያሰበ ነው አልኩ። ሌላ ማን አለ?

እኔም አልተቀመጥኩም። ውሃ የማደርስ መስዬ ስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ጆሮዬን ደቀንኩ። ምን ሲሉ አገኘኋቸው ብትይ፣ የኮሌጁ ሎጎ በቀኝ ጥግ ይሁን በግራ ጥግ እየተጨቃጨቁ ነው። እሷ ግራ ትላለች፣ እሱ ቀኝ ይላል። ሰው በሎጎ እንደዚያ ሲናደድ አይቼ አላውቅም። ውሃውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ግን አላመንኩም። ቅናት ያደረበት ሰው በሎጎም ፍቅር ያያል።

ያስቀናኝ ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም፣ መመሪያውም ጭምር ነው። የዝምታውን ነገር ታውቂዋለሽ፣ አንቺንም አስቀምጦ ቀርጾሻል። ተናጋሪው ከጨረሰ በኋላ ሁሉም ሰው ባለበት ረግቶ፣ ወንበር ሳይንቋቋ፣ ግማሽ ደቂቃ የክፍሉ ዝምታ ይቀረጻል። የስቱዲዮው ዝምታና የቤተ መጻሕፍቱ ዝምታ አንድ አይደለም፤ ቆርጬ ስቀጥል ስፌቱ እንዳይታወቅ ያንን ነው የምደርብበት። ያንን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። እንደተጋባን ሰሞን ለምኜው ጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳይሆን ለኔ ብሎ ነው የሚቀርጸው። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሌላ ሰው የማይሰማውን ነገር የላከልኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን መመሪያው ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት የሁሉም ሆነ። እንዲያ ብዬ ባለቅስ ትስቂብኝ ነበር።

በመጨረሻ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ከዚያች ሴት ጋር ምን አለህ አልኩት። ሳቀ። አብደሻል እንዴ፣ እሷ እኮ በሕልሟ ሎጎ የምታይ ሴት ናት አለኝ። ማለልኝም። ሳቁ ሸክም የወረደለት ሰው ሳቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ግን መሐላ አላሳመነኝም፤ ባሌን በአፉ አላውቀውም። ጋሼሽ ወሬ አይችልም። ሲወድ ይጠጋል፣ ያ ነው ነገሩ።

ይኼን አንቺ አታውቂውም፣ ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት ነበርሽ። እኔ ኮሌጁ እንደገባሁ የምዝገባ ማስታወቂያ እንዳነብ ካሜራ ፊት አቆሙኝ። ቀራጩ እሱ ነበር። መጀመሪያ ከወገቤ በላይ ቀረጸኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከደረቴ። በወሩ ጆሮዎቼ ከፍሬሙ ውጪ ሆኑ። የዚያን ጊዜው አለቃችን ቪዲዮውን አይተው ማስታወቂያ ነው ያልኩህ ወይስ የመታወቂያ ፎቶ ብለው ጮኹበት። እሱ እንዳላወቀው ማለልኝ፣ እውነቱንም ነበር። ሌንሱ ነው ቀድሞት የተጠጋው። በዓመቱ ተጋባን። ስለዚህ እኔ የባሌን ልብ የማውቀው በስክሪን ላይ ነው፤ ሚስቱም ነኝ፣ የቀረጸውን የማቀናብርለትም እኔው ነኝ።

ማስረጃዬን እዚያው ፈለግሁ። እሜቴ ጡጫ ለመመሪያው ናሙና ራሷ ካሜራ ፊት ቀርባ ነበር፤ ትክክለኛው አቀራረጽ ይህ ነው እያለች። በምሳ ሰዓት ክፍሌን ዘግቼ ሁሉንም ከፈትኩት። አንድ በአንድ አየሁ። አንድ ጡጫ፣ አንድ ጡጫ፣ አንድ ጡጫ። እንደ በር ቁመት የተለካ። ዝምታውም በደንቡ ተጀምሮ በደንቡ አለቀ፤ እሱ በቃ ሲል ይሰማል፣ እሷም ያንን እስኪል ትጠብቃለች እንጂ ፊቷ ላይ አንድም ነገር የለም። ባሌ እቺን ሴት እንደ ግድግዳ ነው የቀረጻት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አፈርኩ፤ ያን ቀን ሄጄ ምሳ ካልጋበዝኩሽ አልኳት፣ ሽግግሬን እንኳ ይቅር አልኳት። ማታም ለሱ የሚወደውን ሠራሁለት። እንደዚያ ቀን ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላውም። ደረጃው ሲጸድቅ የቆዩትም ቪዲዮዎች ተለክተው ይስተካከሉ የሚል ትእዛዝ መጣ። ያው ሥራው የኔ ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የሙያ ነገር ነው ግን ይገባሻል፤ በሩቁ የተቀረጸውን እኔ አቅርቤ ልክ አደርገዋለሁ። በቅርብ የተቀረጸውን ግን ማራቅ አልችልም። ከፍሬሙ ውጪ የቀረው አልተቀረጸም፣ ከየት አመጣዋለሁ? የአበባ ማሰሮውን ቆርጬ ጣልኩ፣ ፊቱ የጠቆረውን አፈካሁ፣ ዋሽንቱን ገደልኩት። የሁሉም መምህር ተስተካከለ። ከዚያ ወደ ርቀት ትምህርቱ ደረስኩ፣ ከዚያም ያንቺ መጣ።

አረንጓዴውን ሹራቤን ለብሰሻል። ባለ መስመሩ ሸሚዝሽ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል ተብሎ ያዋስኩሽን፣ አዝራሮቹን ራሴ የተከልኳቸውን። በመጀመሪያው ትምህርት ላይ ሦስቱም አዝራሮች ይታያሉ፤ ከአናትሽ በላይም አንድ ጡጫ ደህና አለ። በሁለተኛው ሁለት አዝራር። በሦስተኛው አንድ። በአራተኛው አዝራር የለም፣ የአንገትጌው ጫፍ ብቻ ነው የኔ ሹራብ መሆኑን የሚናገረው። ጆሮሽም ተቆርጧል። መመሪያው ተናጋሪ ሌንሱን ቀጥ ብሎ ያያል ይላል፤ አንቺ ስታስተምሪ ሌንሱን ታያለሽ፣ ስትጨርሺ ግን ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብለሽ ትመለከቻለሽ። ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ምን እንዳለ ለኔ ሰው አይነግረኝም፣ አንቺ ባለሽበት ቦታ ቆሜ አውቃለሁ።

ዝምታውንም ሰማሁት። በቃ የሚል የለም። ግማሽ ደቂቃው አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ወንበርሽ አልተንቋቋም፣ እሱም አላሳለም። ዝም እንዳላችሁ የካሜራው ካርድ ሞላና ቀረጻው በራሱ ቆመ። ካርድ ሞልቶበት የማያውቅ ሰው ነው፤ የሱን ጥንቃቄ ታውቂያለሽ። ሥራዬ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

ጠየቅሁት። ስለ ሹራቡ ምንም አላልኩም፤ የእህቴ ትምህርቶች ለምን ከልክ በላይ ቀረቡ ብቻ ነው ያልኩት። ክፍሉ ጠባብ ነበር አለኝ። ያ ክፍል ወፍራሙን የሒሳብ መምህር ከነመደርደሪያቸው ያስተናገደ ክፍል ነው። ይህን ግን አልነገርኩትም። ያን ቀን ስለ እሜቴ ጡጫ ስጠይቀው ስቆ ነበር፣ አሁን ግን አልሳቀም። ተነስቶ ሳህን አጠበ።

በማግስቱ እሜቴ ጡጫ ሥራውን ልትገመግም መጣች። ያንቺን ስከፍትላት እንደ ልማዷ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጡጫዋን አነሳች። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇን ቀስ ብላ አወረደችው። ወደ ስክሪኑ አየች፣ ወደኔ አየች፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።  ይኼ እንደገና ቢቀረጽ ይሻላል፣ ካሜራውን ግን ሌላ ሰው ይያዘው አለችኝ። ትከሻዬን ይዛ ነው የነገረችኝ። ያን ሁሉ ቅናት እሷ ላይ ማፍሰሴን ሳስብ አሁን ዓይኗን ማየት ያሳፍረኛል። ቅናቱ ግን አላለቀም፤ የማስቀምጥበት ቦታ ነው የጠፋኝ።

እንግዲህ ከኮሌጁ ሁሉ ያልተስተካከሉት ያንቺ አራት ትምህርቶች ብቻ ናቸው። በስልክ ባለፈው፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር ተመልሼ ልምጣ፣ ክፍሌ አለ አይደል ብለሽኝ ነበር። መልሴን አቆይቼብሻለሁ፣ ይኸው፤ አትምጪ። ክፍሉ ቢሮ ሆኗል። ያለሽበት ድረስ እኔ እመጣለሁ። እሱ ልሂድ ብሎ ነበር፤ መሣሪያው ይከብድሻል አለኝ። አይከብደኝም አልኩት። ካሜራውን፣ ስታንዱንና ማይኩን ራሴ ተሸክሜ ለመምጣት ከኮሌጁ ፈቃድ አግኝቻለሁ።

ሹራቤን ይዘሽው ሄደሻል፣ ሻንጣሽ ውስጥ የገባው በስህተት ይሆናል። ሳሎናችሁን አጽድተሽ ጠብቂኝ፣ መስኮቱ ጀርባሽ ላይ እንዳይሆን። ሹራቡን ልበሺ። እንዳሳደግኩሽ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ ከአናትሽ በላይ አንድ ጡጫ፣ ከአገጭሽ በታች ሦስቱም አዝራሮች እንዲታዩ አድርጌ እቀርጽሻለሁ። ትምህርቱን እንደ ልማድሽ አስተምሪ፣ ጎበዝ መምህር ነሽ፣ ማንም የማይክደው። ስትጨርሺ አትነሺ። ዝምታው አለ። እማዬን ጎረቤት እናስቀምጣትና፣ አንቺ ወንበር ላይ እኔ ካሜራው ኋላ ሆነን ዝም እንላለን። ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብለሽ ብታዪ ችግር የለውም። እዚያ የምቆመው እኔ ነኝ። ከዚያ በቃ የምለውም እኔ ነኝ፣ ካርዱ እስኪሞላ አልጠብቅም።

እማዬ ለምን እንደመጣሁ ከጠየቀችሽ ለሥራ በያት። ውሸትም አይደለም። ምንም ነገር እንድትነግሪኝ አልፈልግም፣ በደብዳቤም አትመልሺልኝ። አንቺን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ፤ ፊትሽን ማንበብ ከማንም በፊት የተማርኩት እኔ ነኝ።

ፈጣሪ እማዬን ያቆይልን። ጉልበቷን ያጽናላት። አንቺንም ካሰብሽው ያድርስሽ እንዳልል ያሰብሽውን አላውቅም፤ ስለዚህ የሚበጅሽን ይስጥሽ። የኔንም ቤት ይጠብቅልኝ፣ ጎጆዬ እሱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ በደብዳቤዬ መጨረሻ ጋሼሽ ሰላም ይልሻል እያልኩ እጽፍ ነበር። ዛሬ ሰላም በያት አላለኝም፣ መጻፌንም አያውቅም። ብትገናኙ ግን ጋሼ ነው የምትይው።

ትልቅ እህትሽ፣ እትዬ